የቴፕ መግዣ ገንዘብዎን እንዴት ይደለድላሉ? ግማሹ ለስፒከሩ!

ካርቶኑ ላይ «5,000 ዋት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት፣ መብራቱ ቀይና ሰማያዊ የሚለዋወጥ ቴፕ መደርደሪያ ላይ ሲያብረቀርቅ የማይማረክ ገዢ ጥቂት ነው። እስቲ ጀርባውን ያዙሩት። ከገመዱ መውጫ አጠገብ በደቃቅ ፊደል ዕቃው ከሶኬት የሚስበው ኃይል ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 60 ወይም 80 ዋት ሆኖ ያገኙታል። ከሶኬት 80 ዋት የወሰደ ዕቃ 5,000 ዋት ድምፅ አይሰጥም። 80 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ 5,000 ኩንታል የሸጠ ነጋዴ ካለ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የዛሬው የገበያ ትምህርታችን ለቤት ሙዚቃ መሣሪያ የተመደበ ገንዘብ በየክፍሉ እንዴት ይደልደል የሚል ነው። መነሻችንን ወልድያን፣ መርሳንና የሀብሩን ወረዳ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። የህወሓት ኃይሎች ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያን ይዘው በቆዩባቸው ወራት በከተማዋና በአካባቢዋ ብዙ ቤትና ሱቅ ተዘርፏል። ቴሌቪዥኑም ቴፑም የሄደበት ቤተሰብ እንደገና ከባዶ መጀመር ነበረበት። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሙዚቃ መሣሪያ ደግሞ ከሽቦው በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ድሮ በስህተት የተገዛ ቴፕ ያስቆጭ ነበር፤ አሁን ያከስራል።

አንድ የቤት ሙዚቃ መሣሪያ በመሠረቱ አራት ነገር ነው። ድምፁ የሚነሣበት ምንጭ አለ፤ ይኸውም ፍላሽ፣ ስልክ፣ ሲዲ ወይም ካሴት ነው። ከዚያ የሚወጣውን ደካማ ምልክት የሚያጎለብተው አምፕሊፋየር አለ። ምልክቱን አየር ላይ ወደሚሰማ ድምፅ የሚለውጠው ስፒከር አለ። እነዚህን የሚያገናኘው ሽቦ አራተኛው ነው። የፈረንጆቹ መጽሔቶች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃሉ። ለእኛ ግን አምስተኛ አለ፤ መብራቱን የሚያስተካክለው እስታብላይዘር። እርሱን የረሳ ድልድል ለወልድያም ሆነ ለመርሳ አይሆንም።

ሒሳቡን አስቀድመን እንናገርና ምክንያቱን ኋላ እንመልከት። ከመቶው 50 ለስፒከር፣ 25 ለአምፕሊፋየር፣ 12 ለመብራት መከላከያ፣ 8 ለምንጩ፣ 5 ለሽቦና ለማስቀመጫ ይያዝ። ለምሳሌ 60 ሺህ ብር ያለው ሰው 30 ሺውን ለስፒከር፣ 15 ሺውን ለአምፕሊፋየር፣ 7,200 ብር ለመከላከያ፣ 4,800 ብር ለምንጭ፣ 3,000 ብር ለሽቦና ለማስቀመጫ ያውላል ማለት ነው። 60 ሺህ ያልነው ለስሌት እንዲመች እንጂ የሱቅ ዋጋ ለመናገር አይደለም። ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ መንገዱ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና የጭነቱን፣ የደላላውንና የተጨማሪ እሴት ታክሱን 15 በመቶ ከጠቅላላው ቀንሰው በተረፈው ላይ ይደልድሉ። ብዙ ሰው ይህን በኋላ ያስታውስና የሚቆርጠው ከእስታብላይዘሩ ላይ ነው። በቆቦ ግራና ሸለቆ ሽንኩርት የሚያለሙ አንባቢዎቻችን ነገሩን ይገነዘቡታል፤ ገንዘቡን ሁሉ በፓምፕ ላይ ጨርሶ ለቱቦና ለነዳጅ ያላስቀረ ሰው ውኃው እዚያው ወንዙ ዳር ይቀርበታል።

ለምን ግማሹ ለስፒከር?

ይህ ጥያቄ ዓለምን ሲያከራክር የኖረ ነው። ሊን የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ገንዘባችሁን መጀመሪያ በምንጩ ላይ አውጡ፤ ከምንጩ የጠፋውን ድምፅ አምፕሊፋየርም ሆነ ስፒከር አይመልሰውም» የሚል ትምህርት ይዞ ተነሣ። ኩባንያው የሸክላ ማጫወቻ ሻጭ ስለነበር ለራሱ ገበያ መናገሩ ግልጽ ነው። ይሁንና ለዘመኑ እውነትነት ነበረው። ሸክላ በመርፌና በሞተር የሚሠራ ነገር ነው፤ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ፣ መርፌው ከደነዘዘ ዘፈኑም አብሮ ይበላሻል። በአገራችንም አምሃ ሪከርድስ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ሸክላ ሲያሳትም የነበረውን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች የመርፌን ነገር ያውቁታል። ካሴት ሲመጣም ያው ነው። ሄዱ የቆሸሸ፣ ጎማው የላላ ዴክ የትኛውንም ድምፃዊ ያስለቅሳል።

ሲዲ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ግን ሒሳቡ ተገለበጠ። ምንጩ ቁጥር ሆነ። ዛሬ አነስተኛ ዋጋ ያለው ማጫወቻ ወይም ከስልክ ጋር የሚሰካ ትንሽ መለወጫ፣ በዚያን ዘመን ከነበረው ውድ የሸክላ ማጫወቻ ባልተናነሰ ጥራት ይሠራል። አምፕሊፋየሩም እንዲሁ ተሻሽሏል። ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በጥር 1987 (እ.ኤ.አ.) እትሙ ዋጋቸው ከ200 ዶላር ጥቂት ከፍ ከሚለው እስከ 12 ሺህ ዶላር የሚደርሱ አምፕሊፋየሮችን ለአድማጮች እያቀያየረ፣ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳያሳይ አሰማቸው። ሰዎቹ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለዩአቸው አልቻሉም። በሌላ በኩል ፍሎይድ ቱል የተባሉት ተመራማሪ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ስፒከሮችን ከመጋረጃ ጀርባ እያስቀመጡ ባካሄዱት ጥናት አድማጮች አንዱን ስፒከር ከሌላው ለመለየት አልተቸገሩም፤ ምርጫቸውም ተቀራራቢ ነበር። እንግዲህ ጆሮ የሚለየው ስፒከሩን ከሆነ ገንዘቡም ወደዚያው ማዘንበል አለበት።

ለወሎ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ለቅኝት የሰጡ የወሎ ቦታዎች ናቸው፤ አምባሰል እንዲያውም የሀብሩ ጎረቤት ነው። በእነዚህ ቅኝቶች የሚዘፈነው ዘፈን ጉልበቱ ያለው በሰው ድምፅና በማሲንቆ ላይ ነው። መንዙማም ቢሆን፣ መዝሙርም ቢሆን ከሁሉ በፊት የሚሰማው ሰው ነው። የሰው ድምፅና ማሲንቆ የሚያርፉት ከቀጭኑም ከወፍራሙም ሳይሆን ከመካከለኛው የድምፅ ክልል ነው፤ ከጥቂት መቶ ኸርዝ እስከ ጥቂት ሺህ ኸርዝ ባለው ማለት ነው። ገበያው የሚያስተዋውቀው ትልቁ ውፈር ግን የሚሠራው ከ100 ኸርዝ በታች ነው። ቤዙ መስኮት ያንቀጠቅጣል፣ ዘፋኟ ግን በርሜል ውስጥ ሆና የምትዘፍን ትመስላለች። ለዲስኮ ይሁን እንበል፤ ማሲንቆ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ለውፈር የወጣው ገንዘብ ለማይፈልገው ዕቃ የከፈለው ነው።

ስፒከር ሲመርጡ ከመጠኑ በፊት የሚያዩት ቁጥር ዴሲቤሉን ነው። ሻጮች እምብዛም አያነሱትም፤ መመሪያው ወረቀት ላይ ግን አለ። አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይናገራል። አንዱ 84፣ ሌላው 90 ዴሲቤል ነው እንበል። ልዩነቱ 6 ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ድምፅ በ3 ዴሲቤል እንዲጨምር የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ባለ 90ው ስፒከር በ20 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ባለ 84ቱ ለመስጠት 80 ዋት ይጠይቃል። ጥሩ ስፒከር የገዛ ሰው ትንሽ አምፕሊፋየር ይበቃዋል፤ በስፒከሩ የቆጠበ ሰው ግን በአምፕሊፋየሩ ይከፍላል። ይህ ሒሳብ ብቻውን የ50 በመቶውን ድርሻ ያስረዳል።

ዋት የሚባለው ነገር

አምፕሊፋየር ሲገዙ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት ስንት ነው? ባለሙያዎች አርኤምኤስ ይሉታል። ፒኤምፒኦ የሚል ካዩ ይለፉት፤ መለኪያው ስምምነት የሌለው፣ አምራቹ እንደ ልቡ የሚያሳድገው ቁጥር ነው። በአማካይ የቤት ሳሎን ውስጥ ጨዋታ ሳያስቋርጥ የሚሰማ ሙዚቃ በአብዛኛው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዋት ነው የሚወስደው። ከበሮው ሲመታ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይፈልጋልና በየጎኑ ከ30 እስከ 50 እውነተኛ ዋት ያለው አምፕሊፋየር ለቤት ይበቃል። በየሠርጉ የምናውቀውን ሞንታርቦ ሳሎን ውስጥ ለማስገባት የሚያስቡ ካሉ ጎረቤቶቻቸውን አስቀድመው ያማክሩ።

ሁሉም በአንድ ላይ የተገጠመለት «ሆም ቲያትር» የሚሉት ዕቃስ? ዋጋው ይስባል። ችግሩ የሚመጣው ዲቪዲው ሲሞት አምፕሊፋየሩም አብሮ ከጥቅም ውጪ መሆኑ ነው፤ የስፒከሮቹ መሰኪያም ለራሱ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለሌላ አያገለግልም። ለየብቻ የተገዛ መሣሪያ ግን አንዱ ሲበላሽ አንዱ ይጠገናል፣ ሲሸጥም ለየብቻው ዋጋ ያወጣል። ንብረት ብለው ለሚገዙ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መብራቱና የጂዳው ዕቃ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ገንዘብ ተቃጥሎ የሚቀረው እዚህ ነውና። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ይህ በወረቀት ነው። ከትራንስፎርመር የራቀ ቤት ምሽት ላይ ሁሉም ምጣዱን ሲያበራ ይወርድበታል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ይወጣበታል። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው በቴስተር ከምሽቱ 1 ሰዓትና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ያስለኩ። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ አነስተኛ እስታብላይዘር ይበቃል። ሰፊ ከሆነ ደግሞ የሚቋቋመው ዝቅተኛና ከፍተኛ ቮልት ሳጥኑ ላይ በግልጽ የተጻፈበትን ይምረጡ። ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ጠፍቶ የነበረ መብራት ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ግፊት ነውና፣ መብራት እንደመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስገባ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። 200 ዋት ለሚስብ መሣሪያ 500 ቪኤ ከበቂ በላይ ነው። ግን ማቀዝቀዣውን በዚያው ላይ አይሰኩ፤ ለእርሱ የራሱ ይኑረው።

ከሀብሩና ከአካባቢው ብዙ ወጣት ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ሄዶ ሠርቷል፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ በአንድ ጊዜ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መካከልም የሰሜን ወሎ ልጆች ነበሩ። ከጂዳና ከሪያድ የመጣ ቴፕ በየቤቱ ይገኛል፤ ያገለገለ ዕቃ ገበያም ላይ ይዞራል። ችግሩ ይህ ነው። ሳውዲ ዓረቢያ ለብዙ ዓመታት ቤቶቿን በ127 ቮልት ስታሠራ ኖራለች፤ ወደ 230 ለመዛወር የወሰነችው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ ቆየት ያለ የጂዳ ዕቃ ጀርባው ላይ 110 ወይም 127 የሚል ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ በጠመንጃ መፍቻ ወደ 220 የሚዞር መቀየሪያ አለው፤ ሳያዞሩ መርሳ ላይ ከሰኩት ጭሱ በደቂቃ ውስጥ ይነግርዎታል። መቀየሪያ ከሌለው ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ዋጋውም ከመከላከያው 12 በመቶ ውስጥ ይቆጠራል። ከአሜሪካ በዘመድ የተላከም ያው ነው፤ የእነርሱ 120 ቮልት ነው።

የሳውዲም የአሜሪካም መብራት 60 ኸርዝ መሆኑን አይርሱ። ለአብዛኛው አምፕሊፋየር ይህ ትንሽ መሞቅ ቢያመጣ ነው። የሞተሩ ፍጥነት በኸርዝ የሚመራ የሸክላ ማጫወቻ ግን በእኛ 50 ኸርዝ ላይ በአንድ ስድስተኛ ይዘገያል፤ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ይጎትተዋል። የአባታቸውን ሸክላዎች ለማዳመጥ ማጫወቻ የሚያስመጡ ሰዎች ይህን አስቀድመው ይጠይቁ።

መብራት ለሚርቅበት ወይም መስመር ላልደረሰው ቤት ድልድሉ ይለወጣል። ከ12 እስከ 24 ቮልት በባትሪ የሚሠሩ፣ ክላስ ዲ የሚባሉ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች አሉ፤ ከሚወስዱት ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ለስፒከሩ ያደርሳሉ። ባለ 12 ቮልት 50 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 300 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በአማካይ 10 ዋት ለሚስብ መሣሪያ 30 ሰዓት ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ለባትሪውና ለሶላሩ ከመቶው 30 ይያዝ፣ አምፕሊፋየሩ ርካሽ ስለሆነ ወደ 10 ይውረድ፣ ስፒከሩ ግን ከ45 በታች አይውረድ። ዴሲቤሉ ከፍ ያለ ስፒከር እዚህ ባትሪ ይቆጥባልና።

ስለ ምንጩ ብዙ አንልም። ፍላሽ ላይ የሚጫነው ዘፈን ከማን እንደተቀዳ ይወስነዋል። አሥር ጊዜ ከስልክ ወደ ስልክ የተሻገረ፣ ተጨምቆ የጠበበ ቅጂ ሰላሳ ሺህ ብር ባወጣ ስፒከር ሲሰማ ጉድለቱ ይበልጥ ይጋለጣል። 8 በመቶው ለማጫወቻውም ለንጹሕ ቅጂም ነው።

ሽቦውም ቢሆን አጭር ነገር ነው። ኤሌክትሪሻኖች ለሶኬት የሚዘረጉት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ለስፒከርም ይበቃል። አሥር ሜትር ቢዘረጋ ሄዶ መመለሻው ከ0.15 ኦም አይበልጥም፤ ለ8 ኦም ስፒከር ይህ ምንም ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ቀጭኑ ባለ 0.5 ግን በዚያው ርቀት 0.7 ኦም ያህል ይሆናል፤ ይህ ይሰማል። በወርቅ የተለበጠ ነው የሚሉትን ለባለ ወርቆቹ ይተውላቸው።

ያለ ገንዘብ የሚገኝ ድምፅም አለ። ሊሾ ወለልና የብሎኬት ግድግዳ ያለው ሳሎን ድምፁን እያንፀባረቀ ያምሰዋል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፈር ያለ መጋረጃ፣ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ልዩነት ያመጣሉ። ቤዝ አነሰ የሚሉ ሰዎች ውፈር ከመግዛታቸው በፊት ስፒከሩን ወደ ግድግዳው ያስጠጉት፤ ማዕዘን ውስጥ ከገባማ ቤዙ ያብጣል። ከበዛ ያርቁት። ቁመቱም የተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል ይሁን እንጂ ወለል ላይ ወይም ቁም ሳጥን አናት ላይ አይሁን።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ

በዚህ ዘመን ጥሩ ስፒከር በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኘው ካገለገለ ዕቃ ነው፤ አምፕሊፋየር እንደ እንጀራ ምጣድ እየነደደ ያረጃል፣ ጥሩ ስፒከር ግን ካልተጎዳ አሠርት ዓመታት ያገለግላል። አዲስ አበባ መርካቶም ይግዙ ደሴ፣ ሦስት ነገር በኪስዎ ይያዙ፦ ቴስተር፣ አንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ የሚያውቁት ዘፈን ያለበት ፍላሽ። ቴስተሩ በ8 ኦም ስፒከር ጫፎች ላይ 6 ገደማ፣ በ4 ኦም ላይ 3 ገደማ ማንበብ አለበት፤ ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተቃጥሏል። የባትሪውን ሁለት ጫፍ ለቅጽበት ሲያስነኩት ወረቀቱ ብድግ ማለት አለበት፤ ሁለቱም ስፒከሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ይንቀሳቀሱ። ወረቀቱን በጣትዎ ቀስ አድርገው ሲጫኑት የመፋቅ ድምፅ ከሰሙ ይተውት። ዙሪያው ስፖንጅ ከሆነ በ15 እና በ20 ዓመት ውስጥ ይፈረፈራል፤ ጎማ ከሆነ ይቆያል። ስፖንጁ ብቻ የተበላ ስፒከር ሌላው ደኅና ከሆነ በአዲስ ሊተካ ይችላል፣ ዋጋውን ለመስበርም ጥሩ ምክንያት ነው።

አምፕሊፋየሩን ደግሞ ድምፁን ዜሮ ላይ አድርገው ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ፤ የሚያጓራ ከሆነ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ደክመዋል። ማዞሪያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽ ግን አይደንግጡ፤ ጽዳት ይበቃዋል። ከዚያ ፍላሽዎን ይሰኩና ዝቅ ባለ ድምፅ ያዳምጡ። ባለ ሱቁ «ከፍ ላድርግልዎ» ማለቱ አይቀርም፤ ከፍ ያለ ድምፅ ጉድለትን ይሸፍናልና እሺ አይበሉት። የማሲንቆው ገመድ ሲፋቅ የሚሰማ፣ የዘፋኟም ቃል አንድ በአንድ የሚለይ ከሆነ ዋጋ መደራደር ይጀምሩ። ሻጩ ባትሪ ማስነካትና በቴስተር መለካት ከከለከለዎ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።